ከቢራ ጨዋታ እስከ ዕድገት ወሰን

በዛሬው ጊዜ በብዙ አገሮች በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የንግድ ሥራ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ ሁለት የትምህርት ዓይነቶች ጎን ለጎን ሲሰጡ ይታያል። አንደኛው፣ ጥሬ ዕቃ ከሚመነጭበት ሥፍራ ተነሥቶ የተመረተው ዕቃ ከተጠቃሚው እጅ እስኪገባ ድረስ ያለውን ሂደት የሚያጠናው የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር ነው። ሁለተኛው ደግሞ የዛሬው ትውልድ ፍላጎቱን ሲያሟላ የነገውን ትውልድ ድርሻ እንዳያሟጥጥ የሚያስተምረው የዘላቂነት ትምህርት ነው። ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሲሰጡ የኖሩት በተለያዩ መምህራንና በተለያዩ መጻሕፍት ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን «ዘላቂ የአቅርቦት ሰንሰለት» በሚል ስያሜ ተጣምረው መሰጠት በመጀመራቸው፣ ጥምረቱ ለብዙዎች አዲስ ግኝት መስሎ ይታያል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ ሁለቱ ትምህርቶች ከመለያየታቸው በፊት በአንድ ቤት ያደጉ መሆናቸውን ማሳየት ነው። እያንዳንዳቸው ሌላም ምንጭ እንዳላቸው አይካድም። ሆኖም ለሁለቱም መሠረት ከሆኑት ሐሳቦች አንዱ የፈለቀው ከአንድ መሐንዲስ አእምሮ ነው። ሐሳቡ ሲከፈል ምን እንደ ጠፋ፣ ሲጣመርስ ምን እንደ ተረሳ መመርመር ለእኛ ለመሐንዲሶች በተለይ የሚገባ ይመስለናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲረዳልን እንጠይቃለን።

መሐንዲሱና የንግድ ትምህርት ቤቱ

ጄይ ፎሬስተር በ1918 በአሜሪካ በኔብራስካ ግዛት ከብት በማርባት ከሚተዳደር ቤተሰብ ተወለዱ። ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ በነፋስ ኃይል የሚንቀሳቀስ ባለ 12 ቮልት ማመንጫ ሠርተው ለቤታቸው የመጀመሪያውን የኤሌክትሪክ ኃይል አስገኙ። የምሕንድስና ትምህርታቸውን በኔብራስካ ዩኒቨርሲቲ ከፈጸሙ በኋላ በ1939 ወደ ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሄዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ሥራቸው የራዳር አንቴናንና የመድፍን አቅጣጫ የሚቆጣጠሩ መሣሪያዎችን ማዘጋጀት ነበር።

የዚህ ዓይነቱ መሣሪያ አሠራር ለሙያ ባልደረቦቻችን እንግዳ አይደለም። መሣሪያው ሊደርስበት በሚገባውና አሁን ባለበት አቅጣጫ መካከል ያለውን ልዩነት ይለካል፤ ልዩነቱን ለማጥበብ ይንቀሳቀሳል፤ የእንቅስቃሴውንም ውጤት መልሶ ይለካል። ይህ ግብረ መልስ ይባላል። ልኬቱ ከዘገየ ግን መሣሪያው ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፤ ስሕተቱን ለማረም ሲመለስ በሌላው ወገን እንደገና ያልፋል፤ በዚህ ሁኔታ ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ይቆያል። ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ፣ መወዛወዙ የሚመነጨው ከራሱ ከመሣሪያው ውስጣዊ አሠራር መሆኑ ነው። ከውጭ የሚመጣው ግፊት ቀስቃሽ ብቻ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ፎሬስተር «ዊርልዊንድ» የተባለውን ኮምፒዩተር የሠራውን ቡድን መሩ፤ ለብዙ ዓመታት በኮምፒዩተሮች ውስጥ ያገለገለው መግነጢሳዊ ማኅደረ ትውስታም እንዲገኝ ከፍተኛ አስተዋጽኦ አደረጉ። በ1956 ግን የምሕንድስናውን ክፍል ትተው እዚያው ተቋም ውስጥ ወዳለው የሥራ አመራር ትምህርት ቤት ተዛወሩ። ይህ ትምህርት ቤት በ1952 የተቋቋመው የጄኔራል ሞተርስ ሊቀ መንበር የነበሩት አልፍሬድ ስሎን ባቆሙት ድርጅት የገንዘብ ርዳታ ነው። የሥራ አመራር ትምህርት በመሐንዲሶች መካከል ቢሰጥ ከሌላው ቦታ የተለየ መልክ ሊይዝ ይችላል የሚል ተስፋ ተጥሎበት ነበር። ያ የተለየ መልክ ምን እንደሚሆን ግን ፎሬስተር ሲገቡ ገና አልታወቀም ነበር።

መልሱ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ሰዎች በኬንታኪ ግዛት ስላሉት የቤት ዕቃ ፋብሪካዎቻቸው አንድ ችግር ያዋዩዋቸዋል። ፋብሪካዎቹ አንዳንድ ጊዜ በቀን ሦስትና አራት ፈረቃ እየሠሩ ትእዛዝ አላዳርስ ይላቸዋል፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ የሠራተኛውን ግማሽ ያህል እስከ ማሰናበት ይደርሳሉ። ኃላፊዎቹ ምክንያቱ የንግዱ ዓለም መዋዠቅ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ፎሬስተር ግን ማስታወሻ ደብተራቸውን ዘርግተው፣ በአንድ ዐምድ ክምችቱን፣ በሌላው ሠራተኛውን፣ በሦስተኛው ትእዛዙን እየጻፉ፣ ኃላፊዎቹ ራሳቸው በነገሯቸው የአሠራር ደንብ መሠረት ሳምንት በሳምንት በእርሳስ አሰሉት። የሚመጣው ትእዛዝ ፈጽሞ ሳይለዋወጥ እንኳ የሠራተኛው ቁጥር ሲወጣና ሲወርድ ታየ። የመድፉ መወዛወዝ በፋብሪካው ውስጥ ተገኘ ማለት ነው።

ይህ ሥራ በ1958 በሐርቫርድ የንግድ መጽሔት ላይ፣ በ1961 ደግሞ «ኢንዱስትሪያል ዳይናሚክስ» በተባለው መጽሐፍ ቀረበ። በቸርቻሪው ዘንድ የታየ የአሥር በመቶ የሽያጭ ጭማሪ በአከፋፋዩ በኩል አልፎ ከፋብሪካው ሲደርስ አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ሆኖ እንደሚገኝ በስሌት ተረጋገጠ።

ቢራ የሌለበት የቢራ ጨዋታ

ፎሬስተርና የሥራ ጓደኞቻቸው ይህን ለተማሪዎች ለማስረዳት አንድ ጨዋታ አዘጋጁ፤ «የቢራ ጨዋታ» በሚል ስም እስከ ዛሬ በየንግድ ትምህርት ቤቱ ይገኛል። አራት ተጫዋቾች በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጣሉ፤ አንዱ ቸርቻሪ፣ አንዱ ጅምላ ሻጭ፣ አንዱ አከፋፋይ፣ አንዱ ፋብሪካ ይሆናል። እያንዳንዱ በየሳምንቱ የሚወስነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ከበላዩ ካለው አቅራቢ ስንት ሣጥን እንደሚያዝ ነው። ፋብሪካውም በበኩሉ ስንት ሣጥን እንደሚያመርት ይወስናል። ትእዛዙ እስኪደርስ፣ ዕቃውም እስኪጓዝ ሳምንታት ያልፋሉ። ተጫዋቾቹ መነጋገር አይፈቀድላቸውም፤ የሸማቹን ፍላጎት የሚያውቀውም ቸርቻሪው ብቻ ነው። መጋዘን ውስጥ ለሚያድር ለእያንዳንዱ ሣጥን በሳምንት ሃምሳ ሳንቲም፣ ታዝዞ ላልቀረበ ሣጥን ደግሞ አንድ ዶላር ይቀጣሉ።

ሸማቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት 4 ሣጥን ይጠይቃል፤ ከ5ኛው ሳምንት ጀምሮ 8 ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው አይለወጥም። ከዚህ የቀለለ ለውጥ ሊታሰብ አይችልም። ይሁን እንጂ በየጊዜው የሚታየው ውጤት አንድ ነው። መጀመሪያ ዕቃ ይጠፋል፤ ሁሉም በጭንቀት እጥፍ ድርብ ያዛል፤ ቆይቶ የታዘዘው ሁሉ ተከታትሎ ይደርስና መጋዘኑ ይጨናነቃል፤ ትእዛዝም ይቆማል። ጆን ስተርማን የተባሉት የዚያው ትምህርት ቤት መምህር በ1989 ባሳተሙት ጥናት፣ የተጫዋቾቹ ወጪ በአማካይ ሊሆን ከሚችለው ዝቅተኛ ወጪ አሥር እጥፍ ያህል ሆኖ መገኘቱን ገልጸዋል።

ከቁጥሩ ይልቅ የሚያስገርመው ከጨዋታው በኋላ የሚሆነው ነው። ተጫዋቾቹ የሸማቹ ፍላጎት ምን ይመስል እንደ ነበር በሥዕል እንዲያሳዩ ሲጠየቁ፣ አብዛኞቹ ሽቅብና ቁልቁል የሚል ሞገድ ይሥላሉ። እውነቱ አንድ ጊዜ ከፍ ብሎ የቀረ ቀጥ ያለ መስመር መሆኑ ሲነገራቸው ለማመን ይቸገራሉ። ሞገዱን የፈጠሩት ራሳቸው ሲሆኑ፣ ጥፋቱን ግን በሸማቹ ላይ ወይም በአጠገባቸው በተቀመጠው ሰው ላይ ያላክካሉ። አገራችን «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የምትለው ይህንኑ ነው። በ1997 ሃው ሊ፣ ፓድማናባንና ዋንግ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ለዚህ ክሥተት በኢንዱስትሪው ዘንድ የተለመደውን ስም ወስደው «የጅራፍ ውጤት» ብለው መጻፋቸው ለእኛ ሰሚነቱ ድርብ ነው። የጅራፉን እጀታ የያዘው እጅ የሚንቀሳቀሰው በጥቂቱ ነው፤ ጩኸቱ የሚሰማው ከጫፉ ነው።

የአንድ ሐሳብ ሁለት መንገድ

በዚያው በ1961 ስማይኬይ፣ ባወርሶክስና ሞስማን የተባሉ ምሁራን ስለ ዕቃ ሥርጭት አመራር የሚያስተምር መጽሐፍ አሳተሙ፤ የሚሺጋን ግዛት ዩኒቨርሲቲም የዚህ ትምህርት ማዕከል ሆነ። በተከታዩ ዓመት ፒተር ድረከር የዕቃ ሥርጭትን ገና ያልተመረመረ የኢኮኖሚ ጨለማ ክፍል አድርገው ገለጹት። በ1963 በአሜሪካ የዕቃ ሥርጭት አመራር ብሔራዊ ምክር ቤት ተመሠረተ። ይህ ማኅበር በ1985 ስሙን ወደ ሎጂስቲክስ አመራር ምክር ቤት፣ በ2005 ደግሞ ወደ አቅርቦት ሰንሰለት አመራር ባለሙያዎች ምክር ቤት መለወጡ የትምህርቱን ጉዞ በአጭሩ ይነግረናል። መጀመሪያ የተጠናው ማጓጓዝና መጋዘን ነበር፤ ኋላ ሰንሰለቱ በሙሉ ተጠና። «የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር» የሚለውን አባባል ለሕዝብ ያስተዋወቁት ኪት ኦሊቨር የተባሉ አማካሪ በ1982 ለአንድ የለንደን ጋዜጣ በሰጡት ቃል ነው።

በዚህ መንገድ የተጓዘው ትምህርት ከፎሬስተር የወሰደው ክምችትን መቀነስ፣ መረጃን ማፋጠንና ወጪን ማዳን ነበር። ጥቅሙ ከፍተኛ መሆኑ አይካድም። ሆኖም ሰንሰለቱ ከማዕድኑ ጉድጓድና ከእርሻው ማሳ በታች፣ እንዲሁም ከቆሻሻ መጣያው ወዲያ እንደሚቀጥል ሳያስብ ቀረ። ጥሬ ዕቃ በአቅራቢ የሚቀርብ፣ አቅራቢውም በገንዘብ የሚገኝ ነገር ሆኖ ተቆጠረ።

ሁለተኛው መንገድ የተከፈተው በ1970 ነው። በ1968 የተመሠረተውና ጣሊያናዊው የኢንዱስትሪ ሰው አውሬሊዮ ፔቼይ ይመሩት የነበረው የሮማ ክበብ፣ የሕዝብ ብዛት፣ የረሀብ፣ የብክለትና የሀብት መመናመን ችግሮች እርስ በርስ የተሳሰሩ መሆናቸውን ቢገነዘብም የሚያጠናበት ዘዴ አጥቶ ነበር። ፎሬስተር በዚያ ዓመት በስዊስ ዋና ከተማ በበርን በተደረገው የክበቡ ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ሲመለሱም አውሮፕላን ውስጥ የዓለምን ሥርዓት የመጀመሪያ ንድፍ አወጡ። የተጠቀሙበት ዘዴ ለፋብሪካው የተጠቀሙበት ያው ዘዴ ነበር። በሣጥኑ ፋንታ የተፈጥሮ ሀብትን፣ በመጋዘኑ ፋንታ ምድርን፣ በትእዛዙ መዘግየት ፋንታ ብክለት ጉዳቱን እስኪያሳይ የሚወስደውን ጊዜ አስገቡ። ሥራቸው በ1971 ታተመ። በ1972 ደግሞ ዶኔላ ሜዶውስ፣ ዴኒስ ሜዶውስ፣ ዮርገን ራንደርስና ዊልያም ቤረንስ ጥናቱን አስፋፍተው «የዕድገት ወሰን» የተባለውን መጽሐፍ አወጡ። ዕድገቱ በነበረበት አካሄድ ከቀጠለ የዓለም ሕዝብና ኢንዱስትሪ ወሰኑን አልፈው ከሄዱ በኋላ መልሰው እንደሚያሽቆለቁሉ፣ ቀደም ብሎ ቢታረም ግን ይህን ማስቀረት እንደሚቻል አመለከቱ።

መጽሐፉ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው። ከተቃዋሚዎቹ አንዱ የኢኮኖሚ ሊቁ ዊልያም ኖርድሃውስ በ1973 ባወጡት ጽሑፍ የፎሬስተር የዓለም ንድፍ በበቂ መረጃ ያልተደገፈ መሆኑን አስረዱ። የዋጋ መለዋወጥና የቴክኖሎጂ መሻሻል ተገቢውን ቦታ አላገኙም የሚለው ትችትም በርካታ ደጋፊ ነበረው። በሌላ በኩል አውስትራሊያዊው ግራሃም ተርነር በ2008 የ30 ዓመት መረጃ አሰባስበው ሲያነጻጽሩ፣ የዓለም አካሄድ በመጽሐፉ ውስጥ «መደበኛ» ከተባለው ንድፍ ጋር ተቀራራቢ ሆኖ አግኝተውታል። ክርክሩ አሁንም አልተዘጋም። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ግን ውጤቱ ነው። «የዕድገት ወሰን» ወደ አካባቢ ጥናት ክፍል ሄደ፤ የቢራው ጨዋታ በንግድ ትምህርት ቤት ቀረ። በአንዱ ክፍል ያለው ተማሪ የፋብሪካውን ሞገድ እንጂ የምድሩን ወሰን አላየም፤ በሌላው ክፍል ያለው ወሰኑን እንጂ በየቀኑ ትእዛዝ የሚጽፈውን እጅ አላየም።

መገናኘቱ በአደጋ መሆኑ

ሁለቱን መልሶ ያገናኛቸው በዋናነት አደጋና ወቀሳ ነው። በ1987 በግሮ ሃርለም ብሩንትላንድ የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ኮሚሽን ዘላቂ ልማት የሚለውን ሐሳብ ለዓለም አሰማ። በ1996 በፓኪስታን በሲያልኮት ከተማ አካባቢ የእግር ኳስ የሚሰፉ ሕፃናት ሁኔታ በአሜሪካ መጽሔት ላይ ሲወጣ፣ ታላላቅ የስፖርት ዕቃ ኩባንያዎች የማያውቋቸው የአቅራቢዎቻቸው አቅራቢዎች ሥራ ለእነርሱ የሚያስጠይቅ ሆኖ አገኙት። በ2007 በተባበሩት መንግሥታት ጥላ ሥር ኃላፊነት የተመላበት የሥራ አመራር ትምህርት መርሖዎች ወጡ። በ2008 በአሜሪካ ካርተርና ሮጀርስ፣ በጀርመን ሶይሪንግና ሙለር ዘላቂ የአቅርቦት ሰንሰለትን የሚመለከቱ፣ በኋላ በስፋት የተጠቀሱ ጥናቶች አሳተሙ። በ2011 ኩባንያዎች ከግቢያቸው ውጭ በሰንሰለታቸው ሁሉ የሚወጣውን የሙቀት አማቂ ጋዝ እንዲቈጥሩ የሚያስችል መለኪያ ታወጀ።

በሚያዝያ 2013 በባንግላዴሽ ራና ፕላዛ የተባለው ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው ግድግዳው መሰንጠቁ ታይቶ ባንኩና ሱቆቹ ተዘግተው ነበር፤ የልብስ ሰፊዎቹ ግን በማግስቱ እንዲገቡ ተደረገ። ለዚህ አደጋ ከተጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ የደንቡን መጣስና የግንባታውን ጉድለት ተከትሎ የሚነሣው የማስረከቢያ ቀን ግፊት ነው። መሐንዲስ ይህን ሲያነብ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ምሰሶውና ስለ ኮንክሪቱ ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። ነገር ግን ከሩቅ አገር መደብር የተነሣች ትንሽ የእጅ እንቅስቃሴ በጅራፉ ጫፍ ላይ ምን ልትሆን እንደምትችልም ያስተምረናል።

ይህ ጸሐፊ ነገሩን በመጠኑም ቢሆን በራሱ ጥፋት ተምሮታል። በአንድ የግንባታ ሥራ ላይ ሳለን ሲሚንቶ ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ተሰማ። እኔም እንደ ሌሎቹ የሥራ ቦታ መሐንዲሶች ከሚያስፈልገኝ እጥፍ አዘዝኩ። ሁላችንም እንዲሁ ስላደረግን ሲሚንቶው በእርግጥ ጠፋ፤ እኛም ወሬው እውነት ነበር ብለን በአስተዋይነታችን ተመካን። ከወራት በኋላ የታዘዘው ሁሉ በአንድ ጊዜ ደረሰ፤ ክረምቱም ገባ፤ ከመጋዘን የተረፈው ከረጢት በሸራ ሥር እርጥበት ስቦ ጠጠረ። በዚያን ጊዜ ያሰብኩት ስለ ባከነው ገንዘብ ብቻ ነበር። ሲሚንቶ ግን የኖራ ድንጋይ በብርቱ እሳት ተቃጥሎ የሚገኝ ነው፤ የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ሰባት ወይም ስምንት በመቶ ያህሉ ከዚህ ኢንዱስትሪ የሚመጣ እንደ ሆነ ይገመታል። የጠጠረው ከረጢት በከንቱ የነደደ ነዳጅ፣ በከንቱም የተቆረሰ ተራራ ነበር። የሰንሰለቱ ሞገድና የምድሩ ወሰን በዚያ ሸራ ሥር አንድ ላይ ተኝተው ነበር፤ በሁለት ክፍል ስለተማርኳቸው ግን አላወቅኋቸውም።

ምን ይደረግ

እንግዲህ የዛሬው ጥምረት የሚያሠጋን ዘላቂነት በሰንሰለቱ መጽሐፍ መጨረሻ የሚለጠፍ አንድ ምዕራፍ ሆኖ እንዳይቀር ነው። እንዲህ ከሆነ ዘላቂነት ራሱ ከገዢ ወደ አቅራቢ የሚወርድ አንድ ተጨማሪ ትእዛዝ ይሆናል። ትእዛዝ ከሆነም እንደ ማንኛውም ትእዛዝ በየደረጃው እየገዘፈ ከጫፉ ላይ ይደርሳል። የአውሮፓ ኅብረት ደን ከተመነጠረበት መሬት የሚገኝ ምርት ወደ ገበያው እንዳይገባ በ2023 ያወጣው ደንብ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ቡና ከሰባቱ የደንቡ ምርቶች አንዱ ነው። ዓላማው መልካም መሆኑን ማንም አይጠራጠርም። ሆኖም በብራሰልስ የተጻፈው አንቀጽ አስመጪውን፣ ላኪውንና አቅራቢውን አልፎ በሲዳማ ወይም በጅማ ከግማሽ ሄክታር ማሳው ላይ ከቆመው ገበሬ ሲደርስ፣ የማሳው ሥፍራ በካርታ ነጥብ ተለክቶ እንዲቀርብ የሚጠይቅ ግዴታ ሆኗል። የደንቡ ተፈጻሚነት ቀን መራዘሙም በጫፉ ላይ ያለውን ሰው ከመጠበቅ አላዳነውም።

በዚህ ረገድ የአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ዕድል አለው። በ1943 የተመሠረተው የአዲስ አበባ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በኋላ በዩኒቨርሲቲው ሥር ሆኖ የሎጂስቲክስና የአቅርቦት ሰንሰለት አመራር ትምህርት በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እስከ መስጠት ደርሷል። የምሕንድስና ትምህርት ክፍሎችም ከእርሱ የራቁ አይደሉም። የቢራው ጨዋታ ገበታ ርካሽ ነው፤ ዴኒስ ሜዶውስ በ1980ዎቹ ያዘጋጁት፣ ተጫዋቾች ባሕር ያለ ልክ ሲያጠምዱ ዓሣው የሚያልቅበት ጨዋታም አለ። የንግድና የምሕንድስና ተማሪዎች ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቢጫወቱ፣ ፎሬስተር በ1956 ይዘውት የገቡትን ሐሳብ ሳይከፈል ያገኙታል። ሦስት ጥያቄዎችንም ይለምዳሉ፤ የተከማቸው ወይም የሚመናመነው ነገር የት አለ? ውሳኔያችን ውጤቱን እስኪያሳይ ምን ያህል ይዘገያል? ሞገዱ ሲነሣ የሚመታው ማንን ነው?

ፕሮፌሰር ፎሬስተር በ2016 በ98 ዓመታቸው አረፉ። ለንግድ ትምህርት ቤት ያበረከቱት ትልቁ ነገር ከኮምፒዩተሩም ከስሌቱም ይልቅ አንድ የመሐንዲስ ልማድ ነው፤ ይኸውም ማሽን ሲወዛወዝ ነፋሱን ከመውቀስ በፊት መሣሪያውን ከፍቶ ማየት ነው። ይህ ልማድ የእኛም ስለሆነ፣ የማኅበራችን አባላት በየዩኒቨርሲቲው የሥርዓተ ትምህርት ውይይት ሲደረግ ተጋባዥ እስኪሆኑ ሳይጠብቁ ቢገኙ የሚገባ ነው። የጠጠረ ሲሚንቶ ያየ መሐንዲስ በዚያ ውይይት ላይ የሚናገረው አያጣም።